የጠመንጃው ሆድ ዕቃም እንዲያብረቀርቅ ላዘዙት ኃላፊ

ጥር 16 ቀን 2003 ዓ.ም.
ደረቅ ወንዝ

ለክቡር አቶ ቢሆነኝ አበጀ
የደረቅ ወንዝና አካባቢው ሚሊሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የወገብዎ ነገር፣ የደም ግፊትዎ ነገር፣ ያ ከሰልፍ በኋላ የሚነሣብዎ የራስ ምታት ሁሉ ተሽሎዎት ከሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም። እኛ ከወባዋና ከርስዎ ሐሳብ በቀር ደኅና ነን። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ አጭር ዕድሜ እኮ ለርስዎ አይበቃም፤ እስካሁን የፈረሙትን ወረቀት ሁሉ ቁጭ ብለው የሚያነቡበት ጊዜ ያስፈልግዎታል።

ስሜን ዘንግተውት እንደሆነ፣ አዛናው እባላለሁ። ከገበያው በላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ በቆርቆሮ በተጋረደች አንዲት ክፍል ውስጥ ጠመንጃ እጠግናለሁ። በደርግ ጊዜ በአንድ ክፍለ ጦር የመሣሪያ ጥገና ክፍል ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ጦሩ ሲበተን ሰው ሁሉ ጠመንጃውን አንግቶ ወደየቤቱ ሲገባ እኔ ሞረዴንና ጉጠቴን ይዤ ቆላ ወረድሁ። ከአብርሃ ጅራ እስከ አብደራፊ ባለው አገር ብረት የታመመበት ሰው የሚመጣው ወደኔ ነው። በርስዎ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ምክንያት ከሁለት ወር በላይ እስር ቤት ያለው ሚሊሻ ሰማኸኝ ደግሞ የእኅቴ ልጅ ነው። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ጥር 24 ቀን፣ በቸልተኝነት ሰው ገድሏል ተብሎ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አልገደለም። የገደለው ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ፣ በወፍጮ ቤቱ በርና በየሻይ ቤቱ የምለጥፈውም እርስዎና ሕዝቡ አብራችሁ እንድታውቁት ብዬ ነው። እርስዎ ሰልፍ እንደሚወዱ ስለማውቅ ቅሬታዎቼን በቁጥር አሰልፌያቸዋለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ጽዳት

በመጀመሪያ የማመሰግንዎት ስለ ንጽሕና ፍቅርዎ ነው። በ2000 ዓ.ም. ለአርባ ሁለቱ ሚሊሻዎች የሚታደሉት ሲሞኖቭ ጠመንጃዎች በሣጥን ተጭነው ሲመጡ እኔም ለቆጠራ ተጠርቼ አይቻቸዋለሁ። ሲሞኖቭን ለማያውቅ አንባቢ ለመንገር ያህል፣ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርስ፣ ዐሥር ጥይት የሚይዝ፣ በደንብ ከያዙት የማያሳፍር መሣሪያ ነው። አዲስ አልነበሩም፤ ከኛ በፊት የስንቱን ሰው ትከሻ ፈትገው የመጡ ናቸው። ጥቁር ቆዳቸው ግን አልተነካም ነበር። ያ ጥቁረት፣ ክቡር ሆይ፣ ብረቱ ፋብሪካ ውስጥ ተቀቅሎ የሚለብሰው ልብሱ ነው፤ ላብ፣ ዝናብና ጤዛ እንዳይበሉት የሚከለክለው እሱ ነው። በጨርቅና በዘይት ብቻ ከተያዘ ከባለጠመንጃው ዕድሜ ይበልጣል።

እርስዎ ግን ገና ሲያዩት ቆሽሿል አሉ። ከዞን እንግዳ ሊመጣ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበርና አርባ ሁለቱ ሰዎች፣ ሰሊጣቸው አረም ሲውጠው፣ በአመድ፣ በወንዝ አሸዋና በብርጭቆ ወረቀት ያን ቆዳ ገፈው ጠመንጃዎቹን እንደ ሠርግ ማንኪያ ነጭ አድርገው አሰለፉልዎ። እንግዳውም አደነቁ፤ እርስዎም ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ሐምሌ ገባ። የቆላውን ሐምሌ ያውቁታል፤ ራቁቱን የቆመ ብረት በሦስት ቀን ቀይ ይሆናል። ቀይ ሲሆን እንደገና ይፋቅ አሉ፤ ተፋቀ፤ እንደገና ዛገ፤ እንደገና ተፋቀ። በሦስት ክረምት ውስጥ አንዳንዱ ጠመንጃ የአፈሙዙ ጫፍ ተበልቶ በጥፍር ሲነካ ይሻክር ነበር። እኔ በዕድሜዬ በጦርነት ያለቀ ጠመንጃ አይቻለሁ፤ በፎቶ ያለቀ ጠመንጃ ያየሁት ግን በርስዎ ዘመን ነው፤ ስለዚህ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ዘይቱ

ሚሊሻዎቹ የጠመንጃ ዘይት ይምጣልን ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ በሰሊጥ አገር ተቀምጦ ዘይት አጣሁ ማለት አገር ማሰደብ ነው ብለው ከመጋዘን የሰሊጥ ዘይት በጀሪካን አስቀድተው አደሉ። ሐሳቡ ያኮራል። ሰሊጣችን ባሕር ተሻግሮ የሚሸጥ ነው፤ ታዲያ ጠመንጃውስ ለምን ይቅርበት! የሚያሳዝነው የሰሊጥ ዘይት ለወጥ እንጂ ለብረት አለመፈጠሩ ነው፤ ብረት ላይ ሲሰነብት እንደ ሙጫ ይይዛል፣ የዋልካው አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ጥቁር ማስቲካ ይሆናል። አንዱ ሚሊሻ ጠመንጃዬ እንደ በሬ ይለግማል ብሎ አምጥቶልኝ ሆዱን ብከፍተው ጉንዳን ተርመስምሶ ወጣ። ወፍረው ነበር፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ከጽሕፈት ቤትዎ አገልግሎት አግኝቶ የጠገበ ፍጥረት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ ሆድ ዕቃው

እዚህ ላይ ሳቄም ምስጋናዬም ያልቃል፤ ቢሆንም አክብሮቴን እንደያዝሁ እቀጥላለሁ።

በ2001 ዓ.ም. እንግዳው ሁለተኛ ሲመጡ አንዱን ጠመንጃ አስከፍተው ውስጡ ጥቁር መሆኑን አዩና ቅር አላቸው ተባለ። በማግስቱ የርስዎ ማስታወቂያ ወጣ፤ የጠመንጃው ሆድ ዕቃም እንደ ላዩ እንዲያብረቀርቅ፣ ጠመንጃው ያላብረቀረቀለት ሚሊሻም በአቋሙ እንዲጠየቅ። ወይ ጉድ! የሰው አቋም በጠመንጃው አንጀት ሲለካ ያን ጊዜ ሰማሁ።

ነገሩ ለሁሉም ግልጽ እንዲሆን በቀላሉ ላስረዳ። ከምላጩ በላይ፣ የምላጩ ቤት በምንለው ክፍል ውስጥ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ አንዲት የብረት ጥርስ አለች። የተቀሰረውን መዶሻ ነክሳ ይዛ የምታቆየው እሷ ናት። ምላጭ ሲሳብ ትለቀዋለች፣ መዶሻው ይመታል፣ ጥይቱ ይሄዳል። ጠርዟ ስል ሆኖ እስከቆየ ድረስ ጠመንጃው ካልታዘዘ አይተኩስም። ጠርዟ ከሟሸሸ ግን ነክሳ መያዟ ቀርቶ መዶሻው ጠርዟ ላይ እንዲያው ተንጠልጥሎ ይቀመጣል፤ ጠመንጃውን ትንሽ ነገር ሲያናጋው ያመልጣታል። መጠበቂያውን ቢቆልፉትም አያድንም፤ መጠበቂያው የሚይዘው ምላጩን ብቻ ነው፣ ከላይ መዶሻው በምን እንደተያዘ አያውቅም።

ገበሬ ምን በወጣው ይህን ይወቅ? ታዘዘ፤ በብርጭቆ ወረቀት ያቺን ጠርዝ አሽቶ አሽቶ እንደ ባቄላ አሞለሞላት። ላይኛው ጠንካራ ገጽ ከተፋቀ ውስጡ ለስላሳ ብረት ነው፤ የቀረውን ደግሞ የርስዎ ቅዳሜ ጨረሰው። ቅዳሜን ላላየ ልንገረው፤ በየሳምንቱ ጠዋት አርባ ሁለቱ ሚሊሻዎች ከቢሮዎ ፊት ተሰልፈው ባዶ ጠመንጃ ይቀስራሉ፣ እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው እጅዎን ሲያወርዱ ሁሉም እኩል ምላጭ ይስባሉ። አርባ ሁለቱ ድምፅ አንድ ቀጭ ሆኖ ካልተሰማዎ ይደገማል። ስድሳ ጊዜ የተደገመበት ቅዳሜ አለ፤ ደጄ ላይ ተቀምጬ ቆጥሬያለሁ። እያንዳንዷ ቀጭ ከያንዳንዷ ጥርስ ላይ ትንሽ ትወስድ ነበር። ያ ድምፅ ለርስዎ ዜማ ነበር፤ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ጥርሴን እነክስ ነበር።

አራተኛ፦ ስለ ደብዳቤዎቼ

ይህን ሁሉ ሳልነግርዎ ቀርቼ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ። በመጀመሪያው ደብዳቤ ጠመንጃዎቹ መሬት ሲነኩ መተኮስ ጀምረዋል፣ ሁለት የቤት ጣራ ተበስቷል አልሁ፤ መልስ የለም። በሁለተኛው ሰባቱን የባሰባቸውን በቁጥራቸው ዘርዝሬ፣ የሰማኸኝንም ጨምሬ፣ ከአገልግሎት ይውጡ አልሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። ለሦስተኛው መልስ መጣ። እሰይ! ማመልከቻው በእርሳስ የተጻፈ ስለሆነ በብዕር ተጽፎ በድጋሚ ይቅረብ ይላል፤ ማኅተሙ ሁለት ጊዜ ተመትቶበታል። በብዕር ገልብጬ አስገባሁ፤ መስከረም 28 ቀን 2003 ገቢ ሆኖ የመዝገብ ቁጥር ተሰጥቶታል። ጽሕፈቱ እንዳማረልኝ ጸሐፊዎ ነግራኛለች።

አምስተኛ፦ ስለ ያረጋል

ጥቅምት 26 ቀን የሆነውን እርስዎ ከሪፖርት ነው የሚያውቁት፤ ስለዚህ እንደ ሰው ልንገርዎ።

ሰማኸኝ ወደ አብደራፊ በሚወስደው መንገድ ባለ አንድ የኢንቨስተር እርሻ ላይ የሰሊጥ አጫጆችን እንዲጠብቅ ተመድቦ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሽፍታ ሠራተኛ አፍኖ ስለወሰደ፣ ጥበቃ ላይ ያለ ሚሊሻ ጥይት አጉርሶ እንዲውል የሚል ሰርኩላር እርስዎ ራስዎ አውጥተዋል። ስለዚህ ጠመንጃው ጎርሷል፤ መጠበቂያውም ተቆልፏል። ለምሳ ሲያርፉ ሠራተኞቹ ዳሱ ሥር ተቀመጡ፤ ፀሐዩ የሚያስቀምጥ አልነበረም። ያረጋል የሚባል፣ ከጎጃም ለመጀመሪያ ጊዜ ለአጨዳ የወረደ የሃያ ሁለት ዓመት ሰው፣ ውኃ ጠማኝ አለ። ሰማኸኝ ጠመንጃውን ከትራክተሩ ተሳቢ ላይ አስደግፎ ጀሪካኑን በሁለት እጁ አነሣ። ያረጋል መዳፉን ዘርግቶ አጎነበሰ። ጠመንጃው ከተሳቢው ተንሸራተተና ሰደፉ መሬት መታ። ተኮሰ። ጥይቷ ከአንገቱ ሥር ገባች።

በዚያው ተሳቢ ጫኑት፤ አብደራፊ ሳይደርስ ሞተ። እናቱ አልደረሰችም፤ እዚሁ ቀበርነው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ በጦር ሜዳ ብዙ ሬሳ አይቻለሁ፣ ብዙውንም ረስቻለሁ፤ ውኃ ለመጠጣት እንዳጎነበሰ የተመታ ሰው ግን ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል። ሦስት ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ በርዎን ገንጥዬ ብገባ ኖሮ እላለሁ፤ በዚህ ራሴን እረግማለሁ። እርስዎስ እንዴት ሆነው ይሆን ብዬ አስቤ ነበር። በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና አየሁዎት። ሰልፉ አልቀረም፤ አርባ አንድ ጠመንጃ ነው የተሰለፈው።

ስድስተኛ፦ ስለ አራት መስመርዎ

ጽሕፈት ቤትዎ ለፖሊስ የጻፈው ደብዳቤ አራት መስመር ነው። መሣሪያው ፍጹም ጤነኛ መሆኑን፣ ጥፋቱም የባለመሣሪያው የአያያዝ ጉድለት መሆኑን ይገልጻል። በአራት መስመር ሦስት ዓመት መደበቅ ቀላል ችሎታ አይደለም፤ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። የሠራተኞቹ ወጥ ሠሪ እታፈራሁ ከአምስት እርምጃ ላይ ሆና ሁለቱም የሰማኸኝ እጆች ጀሪካኑን ይዘው እንደነበር ቃሏን ሰጥታለች። እርስዎ ግን ወጥ ታማስል ስለነበር ልታይ አትችልም ብለው ጻፉ። ክቡር ሆይ፣ እታፈራሁ ለሰማንያ ሰው ወጥ እያማሰለች ማን ሁለተኛ ሳህን እንደዘረጋ የምታይ ሴት ናት። እርስዎ ምንም ሳያማስሉ ካዩት እሷ እያማሰለች ያየችው ይበልጣል።

አሁን ዋናውን ልናገር፤ እዚህ ላይ ግን ማሾፌን ለጥቂት መስመር ማቆሜን ይቅር ይበሉኝ። ሰማኸኝ ቢፈረድበት ዓመታት ይጠብቁታል፤ እሱን የሚበላው ግን ዓመቱ አይደለም። እሑድ እሑድ ስንቅ ይዤለት ስሄድ ስለ ሚስቱም ስለ ማሳውም አይጠይቀኝም። ‹‹አጎቴ፣ ምላጩን ነክቼው ይሆን እንዴ?›› ይለኛል። ሁለት እጁ በጀሪካኑ ላይ እንደነበር ያውቃል፤ እታፈራሁ አይታለች፤ እሱ ግን መንግሥት በማኅተም መሣሪያው ጤነኛ ነው ካለ እኔ ነኝ የገደልሁት ማለት ጀምሯል። ከገዛ እጁ ይልቅ የርስዎን ወረቀት አምኗል። ይህን ያደረጉበትን እግዚአብሔር ያያል፤ እኔ ግን እሱን ብቻ ተማምኜ አልተቀመጥሁም።

ሰባተኛ፦ ስለ ጆንያው

ፍርድ ቤቱ ጠመንጃው በባለሙያ እንዲመረመር አዘዘ፤ ባለሙያው ጥር 9 ቀን ከጎንደር እንደሚመጣም ታወቀ። ፖሊስ ጣቢያው መጋዘን ስለሌለው ጠመንጃው በአደራ የተቀመጠው በርስዎ ዘንድ ነበር። ጥር 4 ቀን ረፋድ ላይ የንብረት ክፍል ሠራተኛዎ ወይዘሮ አገኘሽ በሁለት ታጣቂ ታጅባ ጆንያ ይዛ ቤቴ መጣች። በጆንያው ውስጥ የሰማኸኝ ጠመንጃ አለ፤ ከሱዳኗ ገላባት የተሻገረ አንድ ቆርቆሮ ጥቁር የበር ቀለምም አለ። የተላከብኝ የቃል መልእክት ሦስት ነገር ነው፤ ጠመንጃው ጥቁር ይቀባ፣ የምላጩ ቤት መጋዘን ካሉት ሁሉ ጤነኛ ከሆነው ይለወጥ፣ አዛናውም የሥራ ፈቃዱ በማን እጅ እንዳለ አይዘንጋ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጥቁረቱን ሲያስፍቁ ኖረው በሦስት ሰዓት ውስጥ ጥቁር ይቀባ ማለትዎ ቢያስቀኝም አልሳቅሁም፤ ታጣቂዎቹ ያዩኝ ነበር።

ሠራሁት። አልዋሽም፣ በነዚህ እጆቼ ሠራሁት። እምቢ ብል ጆንያው ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል፣ ያቺ ያለቀች ጥርስ ወንዝ ትጣላለች፣ ሰማኸኝም ዕድሜውን ሙሉ ምላጩን ነክቼው ይሆን እያለ ይኖራል። እኔ ከሠራሁት ግን ጥርሷ የት እንዳለች አውቃለሁ ብዬ ነው። ወይዘሮ አገኘሽም ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት፤ መጋዘን ውስጥ ሆዱ የጎደለ ጠመንጃ ከተገኘ የምጠየቀው እኔ ነኝ ብላ፣ ከአንዱ የወጣው ወደ ሌላው፣ ከሌላው የወጣው ወደ አንዱ እንዲገባ አደረገች። ሁለቱንም ቁጥር በመለዋወጫ ቅጽ ላይ ሞልታ፣ ከነዳጅና ከጽሕፈት መሣሪያ ጥያቄዎች ጋር ደርባ አቀረበችልዎ። ፈረሙ። ፊርማዎ ያምራል።

ሲሞኖቭን የሠሩት ሰዎች ደግሞ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ እንደ ርስዎ ያለ አለቃ አይተው የሚያውቁ ይመስለኛል፤ የጠመንጃውን ቁጥር ከላይ ብቻ ሳይሆን በምላጩ ቤት ላይም መትተውታል። የበር ቀለም አይሸፍነውም። የሰማኸኝ ጠመንጃ የቁጥሩ መጨረሻ 417 ነው። የጎንደሩ ባለሙያ ጥር 9 ቀን ሲመረምር ምላጩን ጤነኛ ሆኖ አገኘው፤ ጤነኛ ነውና። ነገር ግን የሙያው ደንብ ስለሆነ ያየውን ቁጥር ሁሉ መዘገበ፤ ጠመንጃው 417፣ የምላጩ ቤት 286። ለምን እንደተለያዩ የጠየቀው ሰው የለም፤ ማኅተም ግን ተመታበት። እኔም ማኅተሙ እስኪመታበት ነው የጠበቅሁት፤ ከዚያ በፊት ብናገር ኖሮ ወረቀቱ ይጠፋል፣ እኔም እጠፋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር በመሐላ የሰጠሁትን ቃል፣ የሦስቱን ደብዳቤዎቼን ግልባጭና እርስዎ ከፈረሙበት የመለዋወጫ ቅጽ ለጠጋኝ የሚቀረውን ቅጂ አስገብቻለሁ። በማስረጃ ላይ እጄን ስላስገባሁ እኔንም የሚጠብቀኝ አለ፤ ሬጅስትራሩ ቀስ ብሎ ነግሮኛል፤ ይጠብቀኝ። ሰማኸኝ የምላጩ ቤት ሲከፈትና ያቺ ጥርስ በዳኛ ፊት ስትታይ እሱም ያያታል፤ ያን ጊዜ የገዛ እጁን ያምናል። ከዚያ በኋላ እስር ቤት የኔ ተራ ቢሆን ግድ የለኝም፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ጥላ ያለው ቦታ አላጣም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጊዜዎን አብዝቼ ወስጃለሁ። ቅዳሜዎን ስላላቋረጡ፣ ሰሊጣችንን ስላስከበሩ፣ ለጉንዳኖቻችን ስለራሩ፣ ከዳኛ በፊት ፈርደው የዳኛን ድካም ስላቀለሉ፣ ያረጋልንም በአራት መስመር ውስጥ ስሙን ሳይጠሩ ስለቀበሩት ምስጋናዬ ከልብ ነው። ወደፊት ወንበርዎን ለቀው በሚሄዱበት ሥፍራ ሁሉ በሩ ከውጭ የሚቆለፍ፣ ሰልፉ ግን የማይቀር እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።

ላዩን ሲያዩ የኖሩትን ሁሉ ውስጡን ሲጠግን የኖረ፣
ከጫማዎ አቧራ ዝቅ ብሎ ከልቡ የሚታዘብዎ፣

አዛናው ተድላ
የጠመንጃ ጠጋኝ
(ፊርማ፣ በብዕር)

ግልባጭ፦

ለአርባ አንዱ ሚሊሻዎች፤ ሌላውን ባታነቡት ግድ የለም፣ ጥይታችሁን አራግፋችሁ ጠመንጃችሁን ዛሬውኑ ወደኔ አምጡ።

ለያረጋል እናት፣ ጎጃም፤ አድራሻቸውን ጽሕፈት ቤቱ ስላልመዘገበው ከአገራቸው ልጆች ጋር በሰው እልከዋለሁ።

ለእታፈራሁ፤ ማንበብ ስለማትችል እኔ ራሴ አነብላታለሁ።

ማሳሰቢያ፦ ፍርድ ቤቱ ቃሌን ተቀብሎ ዛሬውኑ 286 ቁጥር ጠመንጃ፣ አሁን ሆዱ ውስጥ ካለው የምላጭ ቤት ጋር፣ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲቀርብ አዝዟል። የማን እንደሆነ መዝገብ ማገላበጥ ሊያደክምዎ ስለሚችል እኔው ልንገርዎ፤ የርስዎ ነው። ጤነኛ ከሆነው ይወሰድ ብለው አልነበር? ያን ቀን ከወይዘሮ አገኘሽ ጋር መጋዘን ገብተን ያሉትን ሁሉ ከፍተን አየን፤ ጥርሱ ያልተነካ ጠመንጃ የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ ከነዚያው ሣጥኖች ለራስዎ አስቀርተው፣ ማንም እንዳያሻሸው በጨርቅ ጠቅልለው እዚያው መጋዘን አስቀምጠው ለበዓልና ለስብሰባ ብቻ የሚያወጡት። የርስዎ ጥርስ ወደ ሰማኸኝ ጠመንጃ ሄደች፤ ያረጋልን የገደለችው ደግሞ ወደ ርስዎ ገባች። ከከተራ ዕለት ጀምሮ እሷን ነው ተሸክመው የሚዞሩት፤ የራስዎን ሰርኩላር አክብረው ጥይት አጉርሰው ከሆነም እንግዲህ ያውቁበታል። ሲያስረክቡ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ ሰደፉን መሬት ሳያስነኩ ይሁን። በጥምቀት ሕዝቡ ከርስዎ ዐሥር እርምጃ ርቆ ሲሄድ ለክብርዎ መስሎዎት አንገትዎን ቀና አድርገው ሲራመዱ አይቼዎታለሁ፤ ባለፈው ዓርብ ስብሰባ ላይም በግራና በቀኝዎ ያሉት ወንበሮች ባዶ እንደነበሩ ሰምቻለሁ። ለሁሉም ቤት ለቤት እየዞርሁ ነግሬያቸዋለሁ። ያልነገርሁት ለርስዎ ብቻ ነው።